ጢስን መልሶ ማገዶ ማድረግ ይቻላልን?

ነድዶ ያለቀ እንጨት ተመልሶ እንጨት ይሆናል የሚል ሰው ቢነሣ፤ ሰሚው ሁሉ እንደሚስቅበት አንጠራጠርም። ሆኖም የሳይንስ ሊቃውንት ይህንኑ የመሰለ ሥራ ለመሥራት ከአርባ ዓመት በላይ ደክመዋል። የሚሹትም ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣውን፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር በፀሐይ ብርሃን እንደገና ነዳጅ ለማድረግ ነው።

ይህ አየር ኀይሉን ሰጥቶ የጨረሰ፤ እንደ አመድ ያለ ነገር ነው። ወደ ነዳጅነት ለመመለስ፤ ሲነድ የሰጠውን ኀይል እንዲያውም ከዚያ አብልጦ መክፈል ግድ ይሆናል። ዕዳውን ፀሐይ ትክፈልልን ነው ነገሩ። ቅጠል ሥራውን ያውቅበታል፤ ሰው ግን ገና ተማሪ ነው።

በ1972 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን፤ ለነጭ ቀለም መሥሪያ የሚሆነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ለመክፈል እንደሚረዳ አስታወቁ። በ1979 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንና ሌላም የመሰለውን ዱቄት በውሃ በጥብጠው፤ አየሩን እየነፉ ብርሃን ቢያበሩበት ጥቂት ሜታኖልና ሌሎች ውሕዶች አገኙ።

ብርሃን የዱቄቱን ቅንጣት ሲመታ ኤሌክትሮን ከስፍራው ይነሣል። ገጹ ላይ ደርሶ አየሩን ካላገኘ ወደ ቦታው ይመለስና ድካሙ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መንገዱን ለማሳጠር ቅንጣቱን ማድቀቅ ነው። ናኖሜትር ማለት የሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ እስከዚያ ድረስ ቢከታተፍ፤ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው ገጹ 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል።

እኛም ይህን ስናነብ እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ የተገኘው ነዳጅ በእውነት ከአየሩ የመጣ ነውን? ዱቄቱ ሲሠራ የቀረበት የካርቦን እድፍ ራሱ ጋዝ ሊሰጥ ይችላልና። ይህን ለመለየት፤ ከብቱን ምልክት አድርጎ እንደሚያሰማራ ባለ ከብት፤ ካርቦን 13 በተባለው ከበድ ባለው ካርቦን የተሠራ አየር ያስገባሉ። የወጣው ነዳጅ ምልክቱን ካልያዘ የራሳቸው ከብት አይደለም። በ2010 የታተመ አንድ ምርምር፤ መዳብ በተጨመረበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ በዚህ መንገድ ቢመረምር፤ እድፉ በውጤቱ ውስጥ እጁ እንዳለበት አሳየ። ያለዚህ ፈተና የተነገረ የምሥራች ባያስደስተን አይፈረድብንም።

ልኩንም እናስላ። አንድ ግራም ዱቄት በሰዓት 10 ማይክሮሞል ሜታኖል ይሰጣል እንበል፤ ይህም የሚሊግራም ሢሶ እንኳ አይሞላም። አንድ ሊትር ለመሙላት፤ ፀሐይ ሌሊትም ባትጠልቅ፤ ከ280 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዱቄቱን ሺህ እጥፍ አድርጉት የሚል አንባቢ አይጠፋም። እርሱም ቢሆን፤ ዱቄቱ ሲከመር የላይኛው የታችኛውን ይጋርደዋል፤ ብርሃኑም ከሥር አይደርስም። አሁን ሊቃውንቱ ዱቄቱን በስስ ንጣፍ አድርገው ለማስጣት የሚደክሙት ስለዚህ ነው።