ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ በሽንት የሚታይ ደም ችላ አይባልም

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ከዲያሊሲስ ምልልስ ይገላገላል። ይሁን እንጂ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን በየዕለቱ መውሰድ ይኖርበታል። እነዚሁ መድኃኒቶች ለዓመታት አድፍጦ ለቆየ ቫይረስ በር ሊከፍቱ ይችላሉ።

ቫይረሱ ቢኬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ንቅለ ተከላ በተደረገለት ሱዳናዊ ታካሚ ሽንት ውስጥ ተገኝቶ በታካሚው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተሰየመ። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሳያውቀው ይያዝበታል። ከዚያም ዝናብ እንደሚጠብቅ የአረም ዘር በኩላሊትና በሽንት ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። የመከላከል አቅም ሲዳከም ግን ይራባል፤ የተተከለውን ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል።

ስጋቱ በዚህ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቫይረሱን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ጋር መድቦታል። ተመራማሪዎችም ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ሰዎች በተወሰዱ አንዳንድ የሽንት ፊኛ ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ የቫይረሱ ዘረመል ከሕዋሱ ዘረመል ጋር ተጣምሮ አግኝተዋል። ይህ ማለት ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ በካንሰር ይያዛል ማለት አይደለም። ለሽንት ፊኛ ካንሰር ቀዳሚው መንስኤ ዛሬም የሲጋራ ጭስ ነው።

ለቫይረሱ ክትባትም ሆነ የተረጋገጠ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ሐኪሞች ቫይረሱን በደምና በሽንት ምርመራ ይከታተላሉ፤ ሲበዛም የመድኃኒቱን መጠን ይቀንሳሉ። ቅነሳው ጥንቃቄ ይሻል፤ ከልክ ካለፈ ሰውነት ኩላሊቱን ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ታካሚው በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን መቀነስም ሆነ ማቋረጥ የለበትም።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ታክሞ ወደ ቀዬው የተመለሰ አርሶ አደር የቀጠሮ ቀኑ ከአጨዳ ወይም ከዘር ወቅት ጋር ቢጋጭበትም ክትትሉን ማስተጓጎል አይገባውም። በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሲሄድም ንቅለ ተከላ እንደተደረገለትና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አስቀድሞ መናገር ይጠበቅበታል።

በሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል። የሽንት ፊኛ ካንሰር በጊዜ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።