አልፈታ ያለውን የሞቶር ውሀ ታፖ ስለ ማውጣት

የቆየ አውቶሞቢል ወይም ትራክተር ያለው ሰው የሞቶሩን ውሀ ሲለውጥ፣ ከራዲያተሩ በታች ያለውን መውጫ ብቻ ከፍቶ ውሀው ሲያልቅ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን በሞኖብሎኩ ውስጥ የቀረው ውሀ በዚያ በኩል አይወጣም። ለዚህ ውሀ የተሠራለት ሌላ መውጫ አለ፤ ይኸውም ከሞኖብሎኩ ጎን ዝቅ ብሎ በነሐስ ታፖ ወይም በትንሽ ቧንቧ የተዘጋው ቀዳዳ ነው። ይህ ታፖ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ሲቀር በዝገት ተይዞ አልፈታ ይላል፤ ባለቤቱም ትቶት ያልፋል። የሞቶሩ ጉዳት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው በእንግሊዝ አገር የስታንዳርድ ኩባንያ የሠራው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞቶር ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. በኮቨንትሪ ከተማ ከ500,000 በላይ ከተሠሩት የፈርጉሰን ቲ.ኢ.20 ትራክተሮች በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው ይህ ሞቶር ነበር። ስታንዳርድ ቫንጋርድ የተባለው አውቶሞቢልና በ1953 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው ትራያምፍ ቲ.አር.2 የሚሄዱትም በዚሁ ዓይነት ሞቶር ነው። ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ካሚቻዎች ከሞኖብሎኩ ተነጥለው የሚገቡ በመሆናቸው ውሀው በቀጥታ ይነካቸዋል። ዝገቱና ከጠጣር ውሀ የሚወጣው ኖራም እንደ ጠላ አተላ በካሚቻዎቹ ግርጌ ይረጋል። አተላው ሲጠነክር ውሀው ወደ ካሚቻው እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ሙቀቱም መውጫ ያጣል፤ በመጨረሻ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ቴስታታውም ይጣመማል።

በደጋ አገር ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። በባሕር ዳርቻ ውሀ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባሉት በአዲስ አበባና በአሥመራ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ በቈላ የማይፈላው ሞቶር በደጋ ሊፈላ ይችላል።

ታፖው የሚያዝበት ምክንያት ግልጽ ነው። ነሐስና ብረት በውሀ ውስጥ ተነካክተው ሲቆዩ ብረቱ ፈጥኖ ይዝጋል፤ ዝገትም ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የፊሌቶውን ክፍተት ሞልቶ ያጣብቀዋል። ነሐስ ደግሞ ከብረት የለሰለሰ ስለ ሆነ፣ በጕልበት የሚታገል ሰው የታፖውን ራስ ይሞልጨዋል ወይም ይቈርጠዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የአንድ ሰዓት ችኰላ የብዙ ቀን ሥራ ያመጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ በታፖው ዙሪያ ያለውን ዝገትና ቅባት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ይገባል። ከዚያም ማታ ማታ ሞቶሩ ከበረደ በኋላ፣ ዝገት ለማላቀቅ የተዘጋጀ ቀጭን ዘይት በፊሌቶው ዙሪያ ይንጠባጠብ፤ ይህም ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይደጋገም። በዚህ ጊዜ ሞቶሩ የዘወትር ሥራውን ቢሠራ ይጠቅማል። ነሐስ ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይሰፋል፤ ሲበርድም ይበልጥ ይኰማተራል፤ ስለዚህ መሞቁና መብረዱ ሲደጋገም ዝገቱ ይሰነጣጠቃል። ሞቶሩ ሞቅ ባለ ጊዜ የንብ ሰም ቢነካበትም፣ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ወደ ፊሌቶው ይሳባል። በእሳት ነበልባል ማሞቅ ግን አይገባም፤ በፈርጉሰኑ ላይ የነዳጁ ታንክ ከሞቶሩ በላይ ተቀምጧልና።

ታፖውን መፍታት የሚገባው ሞቶሩ ፈጽሞ ከበረደ፣ የራዲያተሩ ክዳንም ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የፈላ ውሀ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። መፍቻው ከታፖው ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ይሁን። መውጫው ቧንቧ ከሆነ እጀታው ሳይሆን ከሥሩ ያለው አካል ይያዝ። የታፖው ራስ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ይመታ፤ ቀጥሎም ወደ ማጥበቂያው በኩል በጥቂቱ ተገፍቶ ወደ መፍቻው ይመለስ። ጥቂት ሲነቃነቅ ዘይት እየተጨመረ ወዲያና ወዲህ ይዙር እንጂ በአንድ ጊዜ አይጐተት።

ራሱ ከተቈረጠ፣ መካከሉ በቀጭን ትራፓኖ ተበስቶ ቀዳዳው ደረጃ በደረጃ ይስፋ፤ የሞኖብሎኩ ፊሌቶ ግን አይነካ። የቀረው ነሐስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከተለቀመ በኋላ ፊሌቶው በማስኪዮ ይጸዳል። እጁ ለዚህ ሥራ ያልለመደ ሰው ለመካኒክ ቢሰጠው ይሻላል።

ታፖው ወጥቶም ውሀ አለመፍሰሱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ይህ ማለት አተላው ቀዳዳውን ደፍኖታል ማለት ነው፤ እንግዲያውስ ይህን ያህል የተደከመው ስለዚሁ ነው። አተላው በሽቦ ይቈፈር፤ ሞቶሩም በጐማ ቧንቧ ከላይና ከታች ንጹሕ ውሀ እስኪወጣ ድረስ ይታጠብ። ቀዝቃዛ ውሀ በጋለ ሞቶር ላይ ማፍሰስ ግን ሞኖብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። አዲሱ የነሐስ ታፖ በፊሌቶው ላይ ማሸጊያ ተደርጎለት በልክ ይጥበቅ። ከዚህ በኋላ ዝገት የሚከለክል ፈሳሽ ከተጣራ ወይም ከዝናም ውሀ ጋር ተቀላቅሎ ይሞላ።

ከሞቶሩ የወጣው አሮጌ ፈሳሽ በመሬት ላይ አይፈሰስ። ኤቲሊን ግሊኮል ያለበት ከሆነ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻና ከብት ይልሱታል፤ መርዝነቱም ይገድላቸዋል፤ ለሕፃናትም እንዲሁ ነው። በዕቃ ተቀብሎ፣ ከድኖ፣ ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ማኖር ያስፈልጋል።

ታፖው አንድ ጊዜ ከተፈታ በየሁለት ዓመቱ ውሀው ሲለወጥ አብሮ ይከፈት። በየጊዜው የሚከፈት ታፖ ዳግመኛ አይደርቅም፤ ውሀው የጸዳለት አሮጌ ሞቶርም ገና ብዙ ክረምት ያርሳል።