በቤት ውስጥ የምትገኝን እንግዳ ሸረሪት ስለ መለየት



ሸረሪት ለማናችንም አዲስ ፍጥረት አይደለችም። በትውልድ መንደራችን በጎጆው ጣሪያ ሥር ድሯን ስታደራ እያየን አድገናል። ይሁን እንጂ በእስራኤል ምድር ከሚገኙት እጅግ ብዙ የሸረሪት ዓይነቶች መካከል ጥቂቶቹ በመርዛቸው ሰውን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ የማናውቃትን ሸረሪት በቤታችን ባገኘን ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባን ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ፍርሃት ለማሳደር ሳይሆን፣ የሚያሰጋውን ከማያሰጋው ለመለየት እንዲቻል ለመርዳት ነው።

በአንድ የአዲስ ገቢዎች ማረፊያ (መርካዝ ክሊታ) በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሳገለግል የገጠመኝን ላስታውስ። አንዲት እናት ከልጆቿ አልጋ በላይ በግድግዳው ላይ እግሮቿ ቀጫጭንና ረጃጅም የሆኑ ሸረሪት አይታ ደነገጠች። በሩንና መስኮቱን ዘግታ አንድ ጣሳ ሙሉ የተባይ ማጥፊያ መርዝ በክፍሉ ከረጨች በኋላ ልጆቿን እዚያው አስተኛች። ሲነጋ ሁለቱም ሕፃናት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሳልም ይዟቸው ወደ ሐኪም ተወሰዱ። ሸረሪቷ ግን ትንኝና ዝንብ እየያዘች የምትበላ፣ ሰውን የማትጎዳ ዓይነት ነበረች። በዚያች ሌሊት ልጆቹን የጎዳቸው እናታቸው ስለ እነርሱ በመሥጋት የረጨችው መርዝ ነበር።

አብዛኞቹ ሸረሪቶች ጉዳት አያደርሱም

በጣሪያ ማዕዘን ተንጠልጥለው የሚታዩት ቀጫጭን እግር ያላቸው፣ እንዲሁም በመስኮት ላይ እየዘለሉ የሚሄዱት ትንንሽ ሸረሪቶች ለሰው አያሰጉም። ሸረሪት ሰውን ፈልጋ አትነክስም። የምትነክሰው በአብዛኛው በልብስ፣ በጫማ ወይም በአልጋ ልብስ ውስጥ ሳለች ሰው ሲጫናት ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ሁለት ዓይነቶች

1. አልማና። በዕብራይስጥ «አልማና» ማለት ባሏ የሞተባት ሴት ማለት ነው። ጥቁሯ (አልማና ሽኾራ) በአብዛኛው በሜዳና በእርሻ አካባቢ ትገኛለች። ቡናማዋ (አልማና ኹማ) ግን ለመኖሪያ ቤት ትቀርባለች። ድሯን በፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ በአበባ ማሰሮ ጠርዝ፣ በመስኮት ደፍና በልጆች መጫወቻ ሥፍራ ታደራለች። ድሩ ሥርዓት የሌለውና የተዘበራረቀ ነው። ሆዷ ክብ ሆኖ፣ በታችኛው በኩል ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ የሚመስል ብርቱካንማ ምልክት አለበት። የእንቁላሏ ከረጢትም ዙሪያውን እሾህ የመሰሉ ነገሮች ስላሉት በቀላሉ ይለያል። የአልማና ንክሻ ከባድ ሲሆን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ የጡንቻ መኮማተርን፣ የሆድ ቁርጠትን፣ ላብንና የደም ግፊት መጨመርን ሊያስከትል ይችላል።

2. ሼሻን። ስሟ «ሼሽ» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ስድስት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን ሲኖራቸው እርሷ ስድስት ብቻ ስላላት ነው። መልኳ ቡናማ፣ ቁመናዋም እግሮቿን ሳይጨምር ወደ 1 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ቀን ቀን ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ በካርቶን ውስጥና ለረጅም ጊዜ ባልተነካ ልብስ መካከል ተደብቃ፣ ሌሊት ትንቀሳቀሳለች። ንክሻዋ በመጀመሪያ ላይሰማ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ቦታው ይቀላል፣ ያማል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም መካከሉ ጠቁሮ ለመዳን ሳምንታት የሚፈጅ ቁስል ይሆናል። በጥቂት ሰዎች ላይ ትኩሳትና የሽንት መጥቆር ከታየ ይህ የአደጋ ምልክት ስለሆነ ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ቁስል ሁሉ የሸረሪት አይደለም

በእኛ ዘንድ በአካል ላይ ድንገት የሚወጣውን የሚያቃጥል ሽፍታ «ሸረሪት ሸንታብኝ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፎ የሚወጣውና ውኃ የሚቋጥረው «አልማዝ ባለጭራ» የምንለው ሕመም ግን ከሸረሪት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የሚመጣው ቀድሞ በጉድፍ (በዕብራይስጥ አቫቡኦት ሩአኽ) የያዘን ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ሲነሣ ነው። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ሸረሪት ነው፤ በራሱ ይለቃል» ብሎ የሚዘገይ ሰው ይህ ጊዜ ያልፍበታል። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ማናቸውንም የማይሽር ቁስል ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት አለባቸው።

የተነከሰ ሰው ምን ያድርግ?

1. ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይጠብ።
2. በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርግበት። ቀለበትና አምባር ያውልቅ፤ እጁን ወይም እግሩን ያሳርፍ።
3. ቦታውን በምላጭ አይብጣ፤ በአፉ አይምጠጥ፤ በገመድ አያስር፤ በእሳት አይተኩስ፤ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠላ ቅጠል አይቀባበት።
4. የሚቻል ከሆነ ሸረሪቷን ይዞ ይሂድ። ብርጭቆ ደፍቶባት ከሥር ወረቀት ማስገባት ይበቃል። በእጅ መንካት አይገባም። የተጨፈለቀችም ብትሆን ወይም በስልክ የተነሣች ፎቶግራፍ ለመለየት ትረዳለች።
5. ወደ ኩፓት ሆሊሙ ክሊኒክ ይሂድ። ስለ ቴታነስ ክትባቱም ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከተነከሰ ምልክቱን መጠበቅ አይገባም። ለመተንፈስ የሚቸገር፣ ብርቱ የሆድ ወይም የጡንቻ ሕመም ያለው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በስልክ ቁጥር 101 መደወል ያስፈልጋል። በሃይፋ በራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከልም በስልክ ቁጥር 04-7771900 ሌሊትና ቀን ምክር ይሰጣል። ጅራትና መቆንጠጫ ያለው ቢጫ ጊንጥ የነደፈው ሰው ግን፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የብሔራዊ የጤና መድን ሕግ መሠረት የእስራኤል ነዋሪ የሆነ ሁሉ በኩፓት ሆሊም የመታከም መብት አለው። ዕብራይስጥ ገና ያልለመደ ሰው ቋንቋ አለማወቁን አፍሮ ቤት መቅረት የለበትም። በክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር አገናኝ (መገሼር) መኖሩን ይጠይቅ።

ቤታችንን እንዴት እንጠብቅ?

ጫማንና ልብስን ከመልበስ በፊት ማራገፍ፣ አልጋን ከግድግዳ ጥቂት ማራቅ፣ ከጉዞ የመጡ ሻንጣዎችንና ካርቶኖችን ለወራት ተከምረው እንዲቆዩ አለመተው፣ መስኮቶችን በወንፊት መሸፈን ይጠቅማል። በረንዳ ላይ ያሉትን ወንበሮችና የአበባ ማሰሮዎች ከማንሣት በፊት ከሥራቸው መመልከት፣ እጅንም ወደማይታይ ሥፍራ አለማስገባት ይገባል። ድርን በመጥረጊያ ማንሣት በቂ ነው። ሸረሪቶቹ በዝተው መርዝ መርጨት ካስፈለገ ፈቃድ ያለውን የተባይ አጥፊ (መድቢር) መጥራት ይሻላል። ቤተሰቡም ከተረጨው ክፍል እርሱ በሚወስነው ጊዜ ያህል ርቆ ይቆይ።

ለልጆቻችሁም አስተምሩ፤ ሸረሪት ባዩ ጊዜ ሳይነኩ ለአዋቂ ይንገሩ። አዋቂውም አስቀድሞ ይመልከት፣ ከዚያም ይለይ፤ ከተነከሰ ደግሞ አይዘግይ። እንዲህ ካደረግን ከሸረሪቷም፣ ከመርዙም፣ ከመዘግየቱም ቤተሰባችንን እንጠብቃለን።