ኮርስ የጣለ ሁሉ ሰነፍ ነው? ካስልሪጅ ስለ ተማሪዎቹ የሚለውና እውነታው

በካልጋሪው የካስልሪጅ ሰፈር አንድ የሐበሻ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት የኮሌጅ ተማሪ ማግኘት ብርቅ አይደለም። እናት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች መሀል ከተማ ቦው ቫሊ ኮሌጅ ትማራለች። እዚሁ ያደገው ልጇ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ምድር ቤቱን የተከራየው የዘመድ ልጅ ደግሞ በስተዲ ፐርሚት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ሦስቱም ማክናይት ዌስትዊንድስ ጣቢያ ላይ በአንድ ባቡር ይሳፈራሉ፤ በሰፈሩ አፍም የሚመዘኑት በአንድ መስፈርት ነው። ጎበዝ በአራት ዓመት ይጨርሳል፣ ሰነፍ ይጎተታል ይባላል።

ይህን መስፈርት ያመጣነው ከአገር ቤት ነው። እዚያ ተማሪን የሚለየው ፈተና ነው፤ መንግሥት ይመድበዋል፣ ዶርምና ካፌ ይጠብቀዋል። ፍሬሽማን ሁሉ ዕድሜውም ኑሮውም የተቀራረበ ስለሆነ በውጤት ብቻ ቢያወዳድሩት ብዙም አያሳስትም። ካልጋሪ ላይ ግን ያሳስታል፤ በተለይም ኮርስ ስለ መጣል ሲወራ።

«ኮርስ የጣለ ሰነፍ ነው»

ሦስቱ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት አንድ አንድ ኮርስ ጣሉ እንበል። ልጁን የሚያገኘው ቢበዛ የአባት ቁጣና የምረቃው መዘግየት ነው።

እናትዮዋ የምትማረው በተማሪ ብድርና ድጎማ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ደንብ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ከሙሉው የኮርስ ጭነት 60 በመቶውን መያዝ ይበቃል። ሙሉው አምስት ኮርስ ከሆነ ሦስት መያዝ ማለት ነው። ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪ መስፈርቱ 40 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ሁለቱን ትታ ሦስቱን በደንብ የያዘች እናት ደንቡን ያነበበች እንጂ የሰነፈች አይደለችም። አደጋው ያለው ከሦስት ወደ ሁለት ስትወርድ ነው። ያኔ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ትወጣለች፤ የወሰደችው ድጎማም እንደገና ሊሰላ ይችላል። ቢሆንም «ፓርት ታይም ከሆንሽ መንግሥት ዞር ብሎ አያይሽም» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች ለብቻው የተዘጋጀ ብድርና ድጎማ አለ።

የዘመድ ልጁ ላይ ያው አንድ ኮርስ የመኖሪያ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በስተዲ ፐርሚት የሚማር ሰው ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ከወረደ ከግቢ ውጭ የመሥራት መብቱን ያጣል። ከምረቃ በኋላ ተስፋ የሚያደርገው የሥራ ፈቃድም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በደንቡ የሚታለፍለት የመጨረሻው ተርም ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ እያቃተው እንኳ ኮርሱን ይዞ ሲወድቅ ሰዎች «ግትር ነው፣ አይመከርም» ይሉታል። በምን አቅሙ ይጣል?

እንግዲህ ከውጭ የሚታየው ድርጊት አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱና መዘዙ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ስለ ተማሪው ጠባይ ከመናገራችን በፊት ወረቀቱ ምን እንደሚልና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መጠየቅ ይቀድማል።

«ከውጭ የመጣ ተማሪ የሀብታም ልጅ ነው፤ ካልሆነም ለሥራ ነው የመጣው»

ሁለቱም ስለ አንድ ልጅ፣ አንዳንዴም በአንድ አፍ ሲባሉ መስማቴ ያስገርመኛል። ሀብታም ከሆነ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ምን ይሠራል?

በ2024/25 የትምህርት ዘመን በካናዳ የመጀመሪያ ዲግሪ አማካይ የዓመት ክፍያ ለአገሬው ተማሪ 7,360 ዶላር፣ ከውጭ ለመጣው 40,114 ዶላር ነበር። ከዚህ ሌላ ተማሪው ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። ለዓመታት 10,000 ዶላር የነበረው ይህ መጠን በጃንዋሪ 2024 ወደ 20,635፣ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ወደ 22,895 ዶላር ከፍ ብሏል።

የእኛ ልጆች ላይ የተጨመረውን ደግሞ ሌላው አያውቀውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤት ሸጠው ልጃቸውን የላኩ ወላጆች ለሁለተኛው ዓመት የያዙት ብር ግማሹን ያህል አቅሙን አጣ።

የሥራ ሰዓቱም እንዲሁ ተለዋውጧል። ከኖቬምበር 2022 እስከ ኤፕሪል 2024 መጨረሻ የ20 ሰዓት ገደቡ ለጊዜው ተነሥቶ ስለነበር ብዙዎች ያለ ገደብ መሥራት ይችሉ ነበር። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ24 ሰዓት ማለፍ አይቻልም። ገደቡ በላላበት ወቅት የመጣ ልጅ ሒሳቡን የሠራው በሌላ ደንብ ነው። የአልበርታ የተማሪ ብድር አይመለከተውም፤ ፌዴራል መንግሥት ለአዲስ ገቢዎች የሚከፍልባቸው አገልግሎቶችም የተዘጋጁት ቋሚ ነዋሪ ለሆነውና ጥገኝነት ላገኘው ነው። «የአዲስ ገቢዎች ቢሮ ሂድና ይረዱሃል» ብሎ መምከር ብዙ ጊዜ እሱን ማመላለስ ብቻ ነው።

«እዚህ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ አያስቸግረውም»

መቼ መጥቶ ያደገ? የቶሮንቶው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጻፈው እስከ ዛሬ ይሠራል። ስደተኛ ልጅ ለጨዋታ የሚበቃ እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል፤ በክፍል መጻሕፍት ቋንቋ እኩዮቹን ለመድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። በ9ኛ ክፍል የመጣ ልጅ ስልክ ሲያወራ ሰምተን «ጨረሰው» እንላለን። እሱ ግን 12ኛ ክፍል ሲደርስ ገና መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ደግሞ የካልጋሪ ማስረጃ አለ። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ዋትና ሄቲ ሮሲንግ በከተማዋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ልጆችን ከ1988 እስከ 1993 ተከታትለው ነበር። 74 በመቶው ሳይጨርሱ ወጥተዋል። ጀማሪ ሆነው የገቡት ይበልጥ ተጎድተዋል። የገደላቸው የጊዜ ማጠር እንጂ የጭንቅላት ማነስ አይደለም። ዛሬ በ20 ዓመቱ ቦው ቫሊ ገብቶ የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛውን አፕግሬድ የሚያደርግ ልጅ ያንን ያጣውን ጊዜ እያስመለሰ ነው። «ገና አፕግሬዲንግ ላይ ነው» እያልን ማሳፈር የለብንም።

«ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰ የሚሄድበት ነው»

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሩ እንዲህ ሲጠብ ውጭ የቀረው ሁሉ የወደቀ ይመስላል። አልበርታ ውስጥ ግን ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የሚያሻግር የክፍለ ሀገሩ ሥርዓት ከ1974 ጀምሮ አለ። የተገላቢጦሹም ብዙ ነው፤ ከአገር ቤት በዲግሪ መጥታ ኤልፒኤን (ነርስ) ለመሆን ኮሌጅ የገባች ሴት የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከ1916 ጀምሮ በሚያስተምረው የካልጋሪው የቴክኒክ ተቋም ሳይት ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ለመሆን የሚሠለጥን ልጅ አራት ዓመቱን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ደመወዝ እየተከፈለው በሥራ ላይ ነው፤ ክፍል የሚቀመጠው በዓመት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። ከእሱና ዩኒቨርሲቲ ከገባው እኩያው የትኛው እንደቀደመ በ25 ዓመታቸው አብረን እናየዋለን።

«ልጅ ያላት ሴት አትዘልቅም»

ስለ ትምህርት ማቋረጥ ለረጅም ጊዜ የገነነው የተመራማሪው ቪንሰንት ቲንቶ የ1975 ሐሳብ ነው። ተማሪ የሚዘልቀው ከግቢው ኑሮና ከሰዉ ጋር ሲዋሐድ ነው ይላል። ዶርም ለሚኖር የ18 ዓመት ልጅ ያስኬዳል። በ1985 ጆን ቢንና ባርባራ ሜትዝነር ግን በዕድሜ የገፉ፣ ከቤታቸው የሚመላለሱና በትርፍ ጊዜ የሚማሩ ተማሪዎችን ነጥለው አዩ። ለእነዚህ ከግቢ ጓደኝነት ይልቅ የሚወስነው የውጭው ኑሮ ነው አሉ፦ የሥራ ሰዓት፣ ገንዘብ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ከዘመድ የሚገኝ ማበረታቻ። ውጤቷ ጥሩ ሆኖ እንኳ ልጅ የሚጠብቅላት ካጣች ታቋርጣለች፤ ውጤቷ መካከለኛ ሆኖ ቤቷ ከደገፋት ትጨርሳለች።

የካስልሪጇ እናት ክለብ ውስጥ አትገባም፣ ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ወደ ባቡር ትሮጣለች፤ ይህ ግድ የለሽነት አይደለም። ሺፍቷ ይጠብቃታል። የምክር ብዛትም አይጠቅማትም። የሚጠቅማት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ከኮሌጁ ይልቅ በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ማኅበሮቻችን በየዓመቱ ተመራቂዎችን ጋውን አልብሰው ያስጨበጭባሉ። ደግ ነው፤ ይቀጥል። አዳራሽ ያላችሁ ግን በኤፕሪልና በዲሴምበር የፈተና ሳምንታት ማታ ማታ ክፈቱት፤ ልጆች የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችም መድቡ።