በር ላይ የቆመው አስተርጓሚ

ከገጠር ቀበሌ ሌሊት የተነሡ እናት ረፋዱ ላይ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደርሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጠረጴዛው ፊት ይቆማሉ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ቋንቋ ነው፤ አማርኛቸው ለገበያ ያህል ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ወጣት ባለሙያ ከሌላ አካባቢ የተመደበ ከሆነ ኽምጣና አይሰማም። ያን ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው ይጠራል። ዱላውን ከበሩ አስደግፎ ይገባና የመሬቱን ክርክር፣ የወሰኑን፣ የልጅየውን ስም አንድ በአንድ ያስረዳል። ሲጨርስ ዱላውን አንስቶ ወደ በሩ ይመለሳል። የቅጥር ደብዳቤው ስለ ማስተርጎም የሚለው ነገር የለም፤ ደመወዙም የጥበቃ ነው።

ስለ ሥራ ቦታ ብዝኃነትና አካታችነት ሲወራ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ሰው ነው። ባለጉዳዮቹም መሥሪያ ቤቱም የቆሙት በእሱ ፈቃደኝነት ላይ ነው። እሱ አንድ ቀን ቢታመም እናትየዋ ነገ ይመለሱ ይባላሉ።

እንዲህ ያለ በር ካለባቸው አንዷ ፃግብጂ ናት፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወረዳነት የተዋቀረች፣ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሥር ያለች ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ደንግጓል። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለኽምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ የየራሳቸውን የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷል። የኽምራ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ኽምጣና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ በክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ይሰማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በቋንቋው መማርና በቋንቋው መሥራት የተለያዩ ናቸው። ልጁ በኽምጣና ፊደል ቆጥሮ፣ አድጎ ሲቀጠር ደብዳቤውንም ቃለ ጉባኤውንም የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ቋንቋው ለሥራው ብቃት ሆኖ ካልተቆጠረለት የቤት ነገር ሆኖ ይቀራል።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 515/1999 በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ላይ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ ተወዳዳሪዎች መካከል ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በግሉ ዘርፍ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃዱን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አድርጎታል፤ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳንም ከልክሏል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ እናቶች ጡት የሚያጠቡበትና ልጅ የሚያቆዩበት ክፍል መሥሪያ ቤቶች እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ወረቀቱ ላይ የጎደለው ብዙ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግን አብዛኛው ነገር አሁንም በአለቃ በጎነት የሚገኝ ነው፤ እናት የሆነች ሠራተኛ ልጇን ለማጥባት ስትወጣ ፈቃድ ትለምናለች።

ልመና የሌለበትን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓርብ ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ሙስሊም ሠራተኞች ጁምዓ ሰግደው ይመለሳሉ፤ ክርስቲያኑም ያንኑ ሰዓት ያገኛል። ማንም ሃይማኖቱን ተናግሮ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ማንም «ለእነሱ ብቻ» አይልም። እዚህ ላይ ለመድረስ ግን ትግል ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ሙስሊሞች በዓሎቻቸው ብሔራዊ በዓል እንዲሆኑ፣ በመንግሥት ሥራም እኩል ዕድል እንዲያገኙ ጠይቀዋል። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። በዓሎቹ የታወጁት ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

ሌላው ለገጠሩ የቀረበው ምሳሌ ጤና ኬላው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ከዚያው ከማኅበረሰቡ ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው እንዲመደቡ አደረገ። በመላ አገሪቱ ከሠላሳ ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች በዚህ መንገድ ደመወዝተኛ ሆኑ። በዋግ ተራሮች ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው፦ ነፍሰ ጡሯ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ለምታውቃት ሴት ሕመሟን ትናገራለች። አስተርጓሚ ከበር አይጠራም። ቋንቋውና ዝምድናው ራሱ ለሥራው ብቃት ሆነ። የእነዚህ ሴቶች ጉዳት ሌላ ነው፤ የተቀጠሩበት ቀበሌ ለብዙ ዓመት የሚቆዩበት ሆኖ የእድገቱ በር ጠባብ ነበር።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ አንዲት ሴት ልጥራ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው ደቡብ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ነው፤ በልጅነቷ ዓይነ ስውር ሆነች። ሕግ አጥንታ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ ሲባልም አለመፈጸሙን የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሸክሙ ከለማኙ ትከሻ ወርዶ በአሠሪው ላይ ማረፉ ለእኔ ከአዋጁ ሁሉ የከበደው ቁም ነገር ነው። ግን ደረጃው ላይ መወጣጫ ከሌለ ቢሮው ድረስ የሚደርስ ከሳሽም አይኖርም።

አገራችን ሠራተኛን በሥራው ዓይነት የናቀችበት ታሪክም አለ። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ምርታቸው እየተፈለገ ራሳቸው ከማዕድ ተገፍተዋል። ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ ይህን ንቀት ገልብጦታል። ዙምራ ኑሩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰበሰቡት በዚህ ማኅበረሰብ ሽመና የጋራ መተዳደሪያ ሆነ፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ጠዋሪ የሌላቸው አረጋውያን ይጦራሉ። ጎረቤት ጠልቷቸው፣ በደርግ ማብቂያ ዓመታት እስከ ቦንጋ ተሰድደው ነበር። ተመልሰውም ሽመናቸውን ቀጠሉ።

ዋግ ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ነገር ይጨመራል። ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙዎች ሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ኖረዋል። ከመካከላቸው መምህራንና ነርሶች፣ ቀደም ሲል ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ የነበሩ ሰዎች፣ ራሳቸው ባለጉዳይ ሆነው ሰልፍ ይዘዋል። መሥሪያ ቤት መልሶ ሲገነባ ጠረጴዛና ወንበር ይቆጠራል፤ ማን ተመልሶ እንደሚቀመጥበት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተናግድ አብሮ ካልታሰበ የቀድሞው በር እንደ ቀድሞው ይቆማል።

ለዚህ የሚሆን የመጀመሪያ እርምጃ ትንሽ ነው። የሚቀጥለው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ከትምህርት ደረጃውና ከልምዱ ቀጥሎ «ኽምጣና የሚናገር» ይበል፣ ነጥብም ይያዝለት። ዱላውን ከበሩ አስደግፎ የሚገባው ሰውም መወዳደሪያ ቅጽ ይሰጠው።