የኢንተራፕት ቁጥር

የኢንተራፕት ቁጥር በስርዓተ ክወና ከርነል ውስጥ፣ የፕሮሰሰሩን ሥራ ለጊዜው የሚያቋርጥ ምልክት ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ የሚለይበት ቁጥር ነው። የመሣሪያው ድራይቨር ትክክለኛውን ቁጥር ካልያዘ ምልክቱ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ደህና የሆነ የኔትወርክ ካርድ እንኳ የተበላሸ ይመስላል።

የቀድሞ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ 8 የኢንተራፕት መስመሮች ነበሩት። በ1984 የወጣው ፒሲ ኤቲ ሁለተኛ ተቆጣጣሪ ቺፕ ስለተጨመረለት 15 መስመሮች አገኘ፤ 16ኛው ሁለቱን ቺፖች ለማገናኘት ውሏል። ቁጥር 0 የሰዓት ቆጣሪው፣ ቁጥር 1 የቁልፍ ሰሌዳው ነበር። የብዙ ካርዶች ቁጥር ግን በካርዱ ላይ ባለ ጃምፐር ይመረጥ ነበር። ቁጥሩ ያልተነገረው ድራይቨር መሣሪያው ምልክት እንዲልክ ያደርግና የትኛው መስመር እንደተነሣ አይቶ ይገምታል። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ይጋጫሉ።

የአሁኑ አሠራር

ዛሬ ድራይቨሩ አይገምትም፤ ከርነሉን ይጠይቃል። አጠያየቁ እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል።

* ፒሲአይ፦ ባዮስ የመደበውን ቁጥር በካርዱ የማዋቀሪያ ክፍል አድራሻ 60 ላይ ይጽፋል። ሆኖም ሊኑክስ ለመሣሪያው ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ስለሚችል፣ ድራይቨሩ የሚወስደው ከርነሉ በመሣሪያው መዝገብ ላይ ያስቀመጠውን ነው።
* ኤምኤስአይ፦ መሣሪያው በመስመር ፈንታ ወደ ተወሰነ የሜሞሪ አድራሻ በመጻፍ ምልክት ይሰጣል። ድራይቨሩ የሚፈልገውን ብዛት ይጠይቃል፤ ከርነሉ የቻለውን ያህል ይመድብለታል። ኤምኤስአይ ኤክስ የተባለው ዓይነት እስከ 2048 ኢንተራፕቶችን ይፈቅዳል።
* ዲቫይስ ትሪ፦ በብዙ የአርም ቦርዶች የእያንዳንዱ መሣሪያ መስመር በዚህ ፋይል ይገለጻል። ከርነሉ የሃርድዌሩን ቁጥር ወደ ራሱ ቁጥር ይለውጣል።

ምዝገባ

ቁጥሩን ያገኘ ድራይቨር «ሪኩዌስት አይአርኪው» በተባለው ፈንክሽን ምልክቱን የሚቀበለውን ኮድ ያስመዘግባል። መስመሩ የጋራ ከሆነ እያንዳንዱ ድራይቨር ምልክቱ የራሱ መሣሪያ መሆኑን ማጣራት አለበት። ከ100,000 ምልክቶች ውስጥ 99,900ው ባለቤት ካጡ ሊኑክስ መስመሩን ይዘጋዋል፤ ያኔ በዚያው መስመር ያሉ ጤነኛ መሣሪያዎችም ምልክታቸው ይቋረጣል። ድራይቨሩ ሲወጣ ቁጥሩን መልቀቅ ይኖርበታል።

በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የተያዙትን ቁጥሮችና እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተቀበለውን የምልክት ብዛት «ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ሥር ካለው «ኢንተራፕትስ» ፋይል ማንበብ ይቻላል። መሣሪያው እየሠራ ቆጠራው የማይጨምር ከሆነ፣ ችግሩን ከኢንተራፕቱ መፈለግ መጀመር ተገቢ ነው።