«ታይፎይድና ታይፈስ» መንታ አይደሉም

ጉለሌ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ደርሶ የመጣን ሰው «ምን አሉህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ታይፎይድና ታይፈስ!» ሁልጊዜ አብረን ስለምንጠራቸው አንድ በሽታ የሚመስሉት ሰው ጥቂት አይደለም። እናቶቻችንም «ተስቦ» እያሉ የተለያዩ ትኩሳቶችን በአንድ ስም ይጠቀልሉ ነበር።

የሚገርመኝ ይህ ፓስተር ሰፈር አፍንጫ ሥር መሆኑ ነው። ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው የቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ከሥራዎቹ አንዱ ደግሞ አንዱን ተሕዋስ ከሌላው መለየት ነው።

ባክቴሪያ በምን ይለያል? መጀመሪያ በቅርጹ። ማጅራት ገትርን በወረርሽኝ መልክ የሚያመጣው ክብ ነው፤ የታይፎይዱ ዘንግ ይመስላል፤ በቅማል የሚተላለፈውና የሚያገረሸው ትኩሳት ባክቴሪያ ደግሞ ጥምዝምዝ ነው። ቀጥሎ በቀለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክሪስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያስተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ባክቴሪያ ሐምራዊውን ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ስሱ በአልኮል ሲታጠብ ይለቀውና በሁለተኛው ቀለም ይቀላል። የቲቢው ግን ሰም በመሰለ ቅባት ስለተሸፈነ የራሱ ማቅለሚያ አለው።

ይህ የላብራቶሪ ጨዋታ አይደለም፤ መድኃኒት የሚመረጠው በዚህ ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ በተበከለ ምግብና ውኃ ይገባል። የወረርሽኝ ታይፈስ አምጪው ሪኬትሲያ ግን በቅማል ይተላለፋል፤ የሚራባውም ሴላችን ውስጥ ተደብቆ ነው። ለታይፎይድ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሰን ታይፈስን አያድንም፤ ለታይፈስ ዶክሲሳይክሊን ነው የሚታዘዘው።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት በአንድ ወረቀት ተጽፈው ይመጣሉ? ዊዳልና ዌል ፌሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች ባክቴሪያውን ራሱን አያዩትም፤ ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልጉት። እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም ወይም ከክትባት ሊቀር ይችላል፤ ሌላ ባክቴሪያም ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። ለታይፎይድ የተሻለው ማስረጃ የደም ካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት። ቀናት ይፈጃል፣ ገንዘብም ይጠይቃል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም።

አንዲት ጎረቤቴ «ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው፣ መርፌውን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። እትዬ ሦስቱንም ጊዜ ካልቸር አልተሠራላቸውም። ምናልባት ታይፎይድ ነበር፤ ምናልባትም ሌላ። ግን በሦስቱም ዙር መድኃኒቱ ሆዳቸው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች አግኝቷቸዋል። ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የለመዱት ይተርፋሉ፣ ይራባሉ። አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ገምቷል።

ትኩሳት ችላ ይባል አላልኩም። በጠና የታመመ ሰው መድኃኒቱን የካልቸር ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቅ ሊጀምር ይችላል፤ ደሙ ግን ቀድሞ ይቀዳለት። እኛም ሐኪሙን «በየትኛው ምርመራ ነው ያወቃችሁት? ካልቸር ይሠራልኛል?» ብለን እንጠይቅ። ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ መግዛቱንም እንተው። ስሙ በትክክል ያልታወቀ ጠላት በደፈናው ሲተኮስበት፣ ጥይቱ የሚያልቀው በእኛው ላይ ነው።